የደበዘዘው ፈረስ

እንጅባራ ውስጥ ሠርግ ፎቶ አነሳለሁ። አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ ጥሩ ሌንስ እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ከረምኩ። ኢንተርኔት ላይ የጠየቅኳቸው ሁሉ ሌንስ ግዛ አሉኝ። አንዳቸውም ፈረስ የላቸውም።

ሌንሱን ገዛሁ፤ ፊትን ጥርት አድርጎ ኋላውን የሚያደበዝዝ ነው። የመጀመሪያው ሥራ ዘንገና ሐይቅ ዳር ነበር። የሙሽራው አባት ያጌጠ ፈረሳቸው ላይ ተቀምጠው ከሙሽሮቹ ኋላ ፎቶ ተነሱ። ፎቶውን ሳሳያቸው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ጉም ምንድን ነው?»

«ፈረስዎ ነው፣ አባባ። እርስዎም እላዩ ላይ አሉ።»

«የታላቁን ልጄን ሠርግ ስታነሳ የፈረሱ ቃጭል ሳይቀር ይታይ ነበር። ያ ካሜራ የት ገባ?»

«ካሜራው ያው ነው።»

ፎቶውን ትተው እኔን አተኩረው አዩኝ።

«እንግዲያው ዓይንህን ታከም፣ ልጄ።»