አላምረውን ማን መረጠው?

ባለፈው የካቲት ፍኖተ ሰላም ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር። ሟቹ አቶ አላምረው ናቸው፤ የመንደራችን ሰው፣ በደርግ ጊዜ የሸንጎ አባል የነበሩት። ድንኳኑ ጢም ብሏል፣ መኪናው ከአስፋልቱ ዳር ተደርድሯል። ሱፍ የለበሰ የወንድማቸው ልጅ ማይክራፎን ይዞ የሕይወት ታሪካቸውን ያነባል። ለሞተ ሰው መልካም መልካሙ እንደሚነበብ አላጣሁትም። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ልጆች አፈሩ ሲባል ራሴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። ቀጥሎ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «በሕዝባቸው ሙሉ ፈቃድ ተመርጠው ሸንጎ በመግባት፣ ተበታትኖ ይኖር የነበረውን ገበሬ በመንደር አሰባስበው…» ሲል ግን ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል አጠገቤ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ነጠላዬን ጎተት አድርጋ «ተይ፣ ለቅሶ ቤት ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

እዚያ ያላልኩትን እዚህ ልበለው። ለለቅሶው ክብር ብዬ እስካሁን አንቱ ብያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አልችልም።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከጅጋ ወረድ ብሎ፣ ከወንዙ የተጠለፈ ቦይ በሚያልፍበት ዳገት ሥር ነበር። በበጋ አገሩ ሁሉ ሲደርቅ የእኛ ሰፈር ይለመልማል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ የመስኖ ገብሱ፣ በየጓሮው ጌሾው። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ የውኃው ሽታ ከእርጥብ አፈርና ከሽንኩርት ቅጠል ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ጅጋ መንገድ ድረስ ይከተለናል። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የበቆሎ አገዳ ሰንጥቀን ጀልባ እንሠራና ቦዩ ላይ እንለቀዋለን። ጀልባው ከቦዩ ጅራት፣ ከእትዬ አንጓች መደብ የደረሰለት አሸናፊ ነው። ሁልጊዜ ጭቃ በጭቃ ሆነን እንገባለን፤ እናቴም ሁልጊዜ ትቆጣለች።

ያ ቦይ አባት ነበረው። የውኃ አባት ነው የምንለው። ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል፣ የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ቦዩ ሲናድ ሰው የሚጠራ ሰው ነው። የሚመረጠው በየዓመቱ መስቀል ወጥቶ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ክረምቱ የሞላው ደለል በሚጠረግበት ቀን ነው። ሰው ሁሉ ዶማውን ይዞ ከቦዩ አፍ ይሰበሰባል። ወንበር የለ፣ ንግግር የለ። ሹመቱን የፈለገ ሰው ቦዩ ውስጥ ወርዶ መጥረግ ይጀምራል። የወደደው ከኋላው ወርዶ ይከተለዋል። ሰው ከተከተለው የዓመቱ የውኃ አባት እሱ ነው፤ ካልተከተለው ዶማውን አንስቶ ይወጣና ሌላ ይገባል። አንድ ነገር ግን አለ። መጀመሪያ የሚከተለው መሬቱ ከቦዩ ጅራት ያለ ሰው ነው፤ ውኃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቅበት እሱ ስለሆነ። እሱ ሳይወርድ ሌላ አይወርድም።

በእኛ ዘመን የጅራቱ ባለቤት እትዬ አንጓች ነበሩ። ባላቸው ሞተውባቸው ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሳቸው የማይተኛ ሴት። ዶማ ሲይዙ ወንዱን ያስንቃሉ።

አላምረው መሬቱ ከቦዩ አፍ ላይ ነበር። የመጀመሪያ ምርጫው እኔ ነፍስ ሳላውቅ የሆነ ነው፤ ወጣት ነው፣ ጉልበት አለው ብለው እትዬ አንጓች ወረዱለት፣ ሰውም ተከተለው። በዚያ በጋ ውኃው ከአላምረው ሽንኩርት ወዲያ መሻገር አቃተው። እትዬ አንጓች ሄደው ሲለምኑት «ነገ» ይላቸዋል። በማግስቱ ሲሄዱም «ነገ»። ሽንኩርታቸው ከነሥሩ እስኪደርቅ ነገ አላለቀም።

ሁለተኛውን ምርጫውን በዓይኔ አይቻለሁ። አላምረው እያፏጨ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ዶማውን አነሳ። እትዬ አንጓች የዶማቸውን እጀታ መሬት ላይ አጋድመው ተቀመጡበት። ሌላው ቆሞ ቀረ። ሰውየው ወደ ኋላ ሳያይ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ከመታጠፊያው ደረሰና ዞር ሲል ብቻውን ነው። እኛ ልጆች ሳቅን፤ ትልልቆቹ ግን አልሳቁም። ከዚያ ሰዎች አባቴን ገፋ ገፋ አድርገው አስገቡት። እትዬ አንጓችም ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ከኋላው ወረዱ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የውኃ አባት አያ ይርጋ፣ የእኔ አባት ሆነ።

አላምረው አኩርፎ ቡሬ ገባ። ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ካኪ ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቶ፣ ጓድ አላምረው ሆኖ ነው። የመጣውም የመንደር ምሥረታን ወሬ ይዞ ነው። ቤታችንን አፍርሰን ከላይ ከደረቁ ሜዳ ላይ በረድፍ ልንሠራ ነው ተባለ። ከሜዳው እስከ ቦዩ ዳገቱ ነፍስ ያወጣል። ቦይ ደግሞ እንደ ሕፃን ነው፣ አጠገቡ ሰው ካልዋለ ከብት ይረግጠዋል፣ ጎርፍ ይንደዋል። ቤቱ ከሄደ ቦዩ፣ ቦዩ ከሄደ የበጋው እህል እንደሚሄድ ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም ነበር። እናቴ የጓሮ ጌሾዋን እያየች ታለቅሳለች።

በዚህ መሐል ነው የሸንጎ ምርጫ የመጣው። ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ገበሬውን ሰብስቦ፣ የምትመርጡት ሰው ቃላችሁን አዲስ አበባ ያደርሳል፣ እሱ ያለው በመንግሥት ጆሮ ይገባል አለ። የኛ ሰዎች ደስታ! ማታውኑ ከበር ከበር ወሬው አንድ ሆነ። አያ ይርጋን እንልካለን፣ ከውኃችን አትንቀሉን ብሎ ይናገርልናል ተባባሉ። አባቴም እንቢ አላለም። እንዲያውም አንድ ቀን ለብቻው ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ፤ በሬዎቹን እየነዳ ስለ ቦዩ ያወራ ነበር።

ዕጩ በሚቀርብበት ቀን አገሩ በሙሉ ገበሬ ማኅበሩ ግቢ ገባ። ሁሉም ዶማውን ይዞ። አይ የኛ ሰዎች! ምርጫ ሲባል ምርጫ መስሏቸው። ካድሬው ዶማውን አይቶ ለልማት የመጡ መስሎት አጨበጨበላቸው። ከዚያ እትዬ አንጓች ብድግ አሉና ሰውን እየሰነጠቁ ሄደው ከአባቴ ኋላ ቆሙ። ተከትሎ ሌላው፣ ደግሞም ሌላው። ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚል ሰው ጠፍቶ አንድ ረጅም ሰልፍ ሆነ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ ካድሬው።

«መረጥን እኮ» አሉት እትዬ አንጓች። «ደግሞ ምርጫ ሌላ ምን አለው?»

ካድሬው መጀመሪያ ሳቀ። የሚሳቅ አለመሆኑን ሲያይ ተቆጣ። ዕጩ የሚመጣው ከላይ ነው፣ እናንተ የቀረበላችሁን ነው የምትመርጡት አለ። ሦስት ስም ተነበበ። ሁለቱን አይተናቸው አናውቅም። ሦስተኛው አላምረው ነው። ለየዕጩው ምልክት ተሰጠ፤ የአላምረው ቀጭኔ ሆነ። ከመሐላችን ቀጭኔ አይቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አላምረውን ግን ሁሉም ያውቀዋል። አባቴ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቤት ገባ፤ ከዚያ በኋላ ከበሬዎቹ ጋር ሲያወራ አልሰማሁትም።

የምርጫው ቀን እናቴ እጇን ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ ሄደች። ስትመለስ «ቀጭኔውን አልነካሁትም» አለች። ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። ወንዱም ሴቱም ቢያንስ እሱ እንዳይሆን ብሎ የማያውቀውን ሰው መርጦ ተመለሰ። ሳጥኑ በመኪና ተጭኖ ሄደ። ከዚያ በድምፅ ማጉያ፣ ጓድ አላምረው በሕዝቡ ከፍተኛ ድጋፍ ተመርጠዋል፣ እንኳን ደስ አላችሁ ተባለ።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንተ ነህ? እኔማ አይደለሁም። አንቺ ነሽ? ምን ቆርጦኝ! እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ቢሰርቁን ኖሮ ሌባ ብለን ባረፍን። እነሱ ግን ወስደው ሲያበቁ እናንተ ናችሁ የሰጣችሁን አሉን። በዚያ ላይ ጎረቤት ጎረቤቱን እንዲጠራጠር አደረጉት። በዚያ ሰሞን ደቦ የወጣ ሰው እንኳ እንደ ወትሮው አይጫወትም ነበር።

ያኔ መስቀል ካለፈ በኋላ ቦይ የሚጠረግበት ቀን ደረሰ። አላምረው ላንድሮቨር አስነድቶ፣ ታጣቂና ፎቶ አንሺ ይዞ ከቦዩ አፍ ተገኘ። የአገሩ ሰው ወዶ እንደሚከተለውና ወዶ ከቤቱ እንደሚነሳ ለበላዮቹ ሊያሳይ ነው። ካኪውን ጠቅልሎ ወረደና ዶማ አነሳ። ፎቶ አንሺው አነጣጠረ። እትዬ አንጓች የዶማቸው እጀታ ላይ ተቀመጡ።

በዚህኛው ጊዜ እኛ ልጆችም አልሳቅንም። ታጣቂው መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ ነበር። አላምረው ከቦዩ ወጥቶ ወደ አባቴ መጣ። እኔ ከአባቴ ጎን ቆሜ ስለነበር የተናገረውን ሁሉ ሰምቻለሁ።

«ይርጋ፣ አንተ ከወረድህ ሰው ይወርዳል» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያንተን ቤት ማንም አይነካውም። ከነጓሮው ከነቦዩ እዚሁ ትቀራለህ።»

አባቴ ቀና ብሎ ቤታችንን አየ። እናቴ ደጃፉ ላይ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ቆማለች። እውነቱን ልናገርና፣ እሺ ይበለው እያልኩ ነበር በሆዴ። ያን ቤት እወደው ነበር።

«ተራው የእኔ አይደለም» አለ አባቴ። «ተራው የእትዬ አንጓች ነው።»

አላምረው ፊቱ ቀልቶ ወደሳቸው ሄደ። ከልጅነቱ ያውቁታል፤ እናቱ ገበያ ስትውል ከቤታቸው የበላ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ይነሱ እንጂ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አላቸው።

እትዬ አንጓች ከተቀመጡበት ሳይነሱ ሽቅብ አዩት።

«ነገ» አሉት። «ነገ፣ ልጄ።»

በማግስቱ መጀመሪያ የፈረሰው የሳቸው ቤት ነው፣ ቀጥሎ የእኛ። አባቴን ፍኖተ ሰላም ወስደው አሰሩት፤ ሲመለስ ክረምቱ ሊገባ ነበር፣ ልብሱ ሰፍቶት። እናቴና እኔ የጣራውን እንጨት በሸክም ዳገቱን አወጣነው። ያን ዓመት ትምህርት ቤት አልሄድኩም፤ ቀኑ በሙሉ ከወንዝ ውኃ ተሸክሜ ዳገት ስወጣ ያልቃል። ቦዩን ከብት ረገጠው፣ ደለል ሞላው፤ የነጭ ሽንኩርቱ መደብ አሜኬላ በቀለበት። አላምረው አዲስ አበባ ላይ እጁን ሲያወጣና ሲያወርድ የእኛ እጅ እንደሆነ ተቆጠረ። ይኼ ነው እንግዲህ «አሰባስበው» ተብሎ በማይክራፎን የተነበበው።

በኋላ መንግሥቱ ሲላላ፣ የፈለገ ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለስ ሲባል፣ ሰው የቤቱን ማገር እየነቀለ ዳገቱን ወረደ። አባቴ መጀመሪያ የገባው ቦዩ ውስጥ ነው። አሜኬላውን እየመነገለ ሲሄድ ዞር ብሎ አላየም። እትዬ አንጓች ከኋላው ነበሩ፣ ከሳቸው ኋላም ሌላው ሰው። በጥር ውኃው ከጅራቱ ደረሰ። እኔ እንኳ ጀልባ የምሠራበት ዕድሜ አልፎኝ ነበር፤ ለወንድሜ ሠርቼ ሰጠሁት።

ዛሬ እዚያ ሰፈር ውኃው በሞተር ይሳባል፤ የውኃ አባት የሚባለውን የወንድሜ ልጆች በወሬ ነው የሚያውቁት። የምርጫ ነገር ሲነሳ ሳጥኑ ስንት ቀዳዳ አለው፣ ታዛቢው ማነው እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ይከራከሩ፣ ደግ ነው። እኔ ግን ከፍኖተ ሰላሙ ድንኳን ወጥቼ ወደ መናኸሪያው ስሄድ ሳስብ የነበረው የአባቴን ቀብር ነው።

አባቴ ከሞተ ቆየ። ለሱ ማይክራፎን አልነበረም፣ የሕይወት ታሪክም አልተነበበም፤ ተመርጦ ነበር ያለም የለም። አስከሬኑ ከቤት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በቦዩ ዳር ባለችው ቀጭን መንገድ ነው። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አንስተው ሲሄዱ ሰው ከኋላ አልተነሳም። ምን ሆኑ ብዬ ዞር አልኩ። ካህናቱ ጭምር ቆመዋል፣ ሁሉም ወደ አንድ በኩል ያያል። እትዬ አንጓች፣ ጀርባቸው የጎበጠ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ በትራቸውን እያስቀደሙ ሰው መሐል አለፉ። ከቃሬዛው ኋላ ሲደርሱ ቀሚሳቸውን እንደ ድሮው ሸብ አደረጉ።

እሳቸው ሲራመዱ አገሩ በሙሉ ተከተለ።