የጋሽ አብዱልዋሂድ ታኮ

ጋሽ አብዱልዋሂድ ከሞጣ ቢቸና፣ ከቢቸና ሞጣ በጭነት መኪና ሲመላለሱ የሸበቱ ሰው ናቸው። እህል ይጭናሉ፣ ስሚንቶ ያራግፋሉ። መኪናቸው ሁሉ ነገር አላት፤ የሌላት የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ከተበላሸ ቆይቷል፤ ማሠራቱን ግን እንደ ውርደት ነው የሚያዩት። «እጅ ፍሬን የፈሪ ነው» ይላሉ። ዳገት ላይ ሲያቆሙ ረዳታቸው ሙጀሂድ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ታኮ የሚሉት ይኸን ነው። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ትንሸራተትና ታኮውን ትነካለች። እሳቸው መንካቷን በመቀመጫቸው ያውቁታል፤ ማርሹን ዜሮ አድርገው ሞተሩን ያጠፋሉ። ሙጀሂድ «ያዘ!» እስኪል መጠበቅ ከተዉ ዓመታት አልፈዋል።

ልጃቸው ሳብሪያ ቢቸና ፊዚክስ ታስተምራለች። እኔ ወለተ ሐና እዚያው ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ነኝ። «አባዬ፣ እባክዎ ፍሬኑን ያሠሩት፤ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳሉ» ስትላቸው ስንቴ ሰማሁ! እሳቸው ይስቃሉ። ግትር ሰው አያናድደኝም፤ የሚስቅ ግትር ግን ደሜን ያፈላዋል።

ባለፈው ዒድ ሞጣ ጠሩኝ። ለእኔ ሲሉ በክርስቲያን ጎረቤት እጅ ዶሮ አሳርደው ነበርና ተናድጄም ቢሆን በደንብ በላሁ። እየበላን ሳለ ቴሌቪዥኑ ጨረቃ ላይ ሊያርፍ የነበረ ሰው አልባ መንኮራኩር መጥፋቱን ተናገረ። ጋሽ አብዱልዋሂድ ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ። ረመዳን ሲገባ ጨረቃን ከሞጣ ሰው ሁሉ ቀድመው የሚያዩ ናቸውና የዘመድ መርዶ የሰሙ ነው የመሰሉት።

«እንዴት ያለ ጉድ ነው! ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ሄዶ ደጃፉ ላይ?»

«ከባዱ ደጃፉ ነዋ» አለች ሳብሪያ። «ነጂ የለውም። ከዚህ ሆነው እንዳይነዱት ቃሉ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ከሁለት ሰከንድ በላይ ያልፋል፤ በዚያ መሃል ይከሰከሳል። ከፍታውን ራሱ ለክቶ ራሱ ነው የሚወስነው። አየር ስለሌለ ፓራሹት አይሠራም፤ የሚያቆመው ሞተሩ ብቻ ነው። ተሳስቶ እንደገና ልሞክር ቢል ነዳጅ የለውም።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!»

«ከዚህ በፊት የሄደ አንዱማ እዚያው ጨረቃ ላይ የገደል አፋፍ ሲያልፍ መሬቱ ድንገት ራቀበት። መለኪያው እውነቱን ነገረው፤ እሱ ግን መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ናቀው። መሬት የደረሰ መስሎት ገና አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነበር። ቀስ እያለ ሲወርድ ነዳጁ አለቀና ወደቀ።»

ጋሽ አብዱልዋሂድ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ያ ሳቃቸው መጣ። «መስሎት! የደረሰ መስሎት! ሹፌር መስሎኝ ይላል እንዴ?»

ክረምት ሲወጣ ሳብሪያ ቢቸና አዲስ ቤት ተከራየች። ቤቱ ዳገት ላይ ነው። አባቷ ከሞጣ አልጋና ቁምሳጥን ጭነውላት መጡና በኋላ ማርሽ ቁልቁል ወደ ግቢው በር ተጠጉ። እኔ በሩን ይዣለሁ። ሳብሪያ ስፖንዳውን፣ የጭነቱን የኋላ መዝጊያ፣ ልትከፍት ከመኪናዋ ኋላ ቆማለች። ሙጀሂድ ገና ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ይነቅላል። መኪናዋ ተንሸራተተች፣ አንድ ነገር ነካች፣ ቆመች። ሞተሩ ጠፋ። ጋሽ አብዱልዋሂድ የመኪናዋን በር ከፍተው አንድ እግራቸውን አወረዱ።

የነካችው ፀሐይ ያደረቀው የጭቃ ጉብታ ነበር። ፈረሰ።

የጮኸው ሙጀሂድ ይሁን እኔ አላውቅም። መኪናዋ የግቢውን በር ምሰሶ ገጭታ ቆመች፤ ቆርቆሮው ተጨማደደ። ሳብሪያ የለችም። ጎማው ሥር አንድ እግር ጫማዋ አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ድንጋይ እየያዘ ሮጦ ጎማዎቹን ያስደግፍ ጀመር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጋሽ አብዱልዋሂድ ጫማውን አዩት። ተንበርክከው ያን የሚያህል ጎማ በባዶ እጃቸው ይገፉ ጀመር፤ ከጉሮሯቸው የሚወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«አባዬ» አለች ሳብሪያ ከኋላቸው። ዘላ የጎርፍ ቦዩ ውስጥ ወድቃ ኖሮ ጭቃ በጭቃ ሆና፣ በአንድ እግር ጫማ ቆማለች።

ዞር ብለው አዩዋት። ፊቷን ነኩ፣ ትከሻዋን ነኩ፣ ባዶ እግሯን ነኩ። እንደገና ፊቷን ነኩ።

«መስሎኝ» አሉ። «የያዘ መስሎኝ፣ ልጄ።»

ለዓመታት የቋጠርኩትን ተግሣጽ ሁሉ ትቼ ጫማዋን ከጎማው ሥር ጎትቼ አወጣሁላት። ሳብሪያም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ሙጀሂድ ያን ድንጋይ ደረቱ ላይ እንዳቀፈ ቆሞ ቀርቷል።