የሚረዝመው ክንድ

እህቴ ገና ካልተፈለፈሉ ጫጩቶች የነርቭ ሕዋስ አውጥታ በብርጭቆ ሳህን የምታሳድግ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሕዋሱ መጀመሪያ ድቡልቡል ነው። ቆየት ብሎ እኩል የሆኑ አጫጭር ክንዶች ያወጣል፤ ከእነሱ አንዱ ብቻ ተመዝዞ ይረዝምና መልእክት አድራሽ ይሆናል። ይህን የሚወስነው በሕዋሱ ውስጥ ያለው ከረቂቅ ክሮች የተሠራ አጽም ነው።

የአንዱን ክንድ ጫፍ አፍኖ የያዘውን የክር መረብ በመድኃኒት ብታላላው ያ ክንድ ይረዝም ይሆን ብላ ሞከረች። ሳህኑ ላይ ጠብ ስታደርገው ግን ሕዋሶቹ ሁሉ ተኮማትረው ሞቱ። ደጋግማ ብትሞክርም ያው ሆነ። ፊቷ ጠቁሮ ቤት ገባች።

እናታችን ልብስ እያጣጠፈች፣ «ምን ሆንሽ የኔ ልጅ?» አለቻት።

«አጽማቸው ፈረሰብኝ፣ እማዬ።»

«በዓይን የማይታይ ነገር ደግሞ ምን አጽም አለው! አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እኔም እኮ እግር አውጣልኝ እያልኩ የምለምነው እንቁላሉን ነው!» አለች እህቴ። ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

በማግስቱ መድኃኒቱን በጣም አቅጥና፣ በቀጭን የመስታወት መርፌ የአንዱን ክንድ ጫፍ ብቻ ነካችው። ከሰዓት በኋላ ደወለችልኝ። «ቶሎ ና፣ እየው!»

ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። በማይክሮስኮፑ ሳይ የክንዱ ጫፍ እንደ መዳፍ ተዘርግቷል፤ ከኋላው ያሉት ክሮች መረቡ ሲላላ ወደተፈጠረው ክፍተት ገብተው እየገፉት፣ ወንድሞቹን ጥሏቸው ሄዷል። እየተቀያየርን ደጋግመን አየነው።

«ኧረ ራበኝ» አለች በመጨረሻ፤ «ለካ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።»