ከልክ በላይ

እቴቴ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ዋሽተዋል። ይህ ሐሜት አይደለም፤ በኋላ ራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ወጥተው በሰው ፊት ተናግረውታል። ደግሞስ ማን ደፍሮ ያማቸዋል? ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይብሳል።

ሥራቸው ልብስ ስፌት ነው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከአሮጌው ዓለም ወደዚህች ፕላኔት መጥተው፣ ከላይ የሚተነፈስ አየር ስላጡ ከመሬት በታች ሰፈር ቆፈሩ። ዛሬ ሦስት ሺህ ነፍስ ይኖርበታል። ሁሉም የሚለብሰው አንድ ዓይነት ቱታ ነው፤ ቱታው የሚቆረጠው ደግሞ በሰንጠረዡ ነው። ለዚህ ዕድሜ ይህን ያህል ቁመት፣ ለዚህ ቁመት ይህን ያህል ክንድ እያለ የሚደረድር፣ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጋር የመጣ ወረቀት ነው። አንድ ቀን ወደ አሮጌው ዓለም ስለምንመለስ አካላችን ከዚያኛው ሰው አካል ዝንፍ እንዳይል ተብሎ ነው የተጻፈው። የመጨረሻዋ መርከብ ከመጣች እንኳ ስልሳ ዓመት አልፏታል። ወረቀት ግን ምን ገዶት!

እቴቴ ስፌት ቤቱ የገቡት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ክፍሉ ከአየር መሳቢያው ሞተር ጎን ስለሆነ ግድግዳው ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል። የሰው ክብደት እዚህ ቀላል ነውና የስፌት መኪናውን በእግር ሲረግጡት ሰፊው ራሱ ወደ ላይ እንዳይነሣ ወገቡን ከወንበሩ ጋር ያስራል። የመጀመሪያ ሥራቸው የአንድ ሞተረኛ ቱታ ነበር። ሲለኩት ክንዱ ከሰንጠረዡ አራት ጣት በለጠባቸው። እሳቸውም እንደ ክንዱ ቆረጡ። ከጤና ጽሕፈት ቤት የመጣው ተቆጣጣሪ እጅጌውን ለክቶ አየና "ይኼ ልክ አይደለም" ብሎ ወረወረላቸው።

ያን ጊዜ አሠሪያቸው፣ ሳል የማይለቃቸው ሽማግሌ፣ ሳቅ አሉና "የኔ ልጅ፣ ሰንጠረዡን ስፊለት፤ ሰውየውን እጠፊው" አሏቸው። ብልሃቱ ቀላል ነው። ልብሱ በረጅሙ ይቆረጣል፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይጠቀመቀማል። ተቆጣጣሪው ለክቶ ማኅተሙን ይመታል። እሱ በር ሲወጣ እጥፋቱ ይተረተርና ሰው በልኩ ይለብሳል። ማንም አይጎዳ፣ ማንም አይቆጣ!

እንዲህ እያሉ ኖሩ። ዓመት ዓመትን ሲተካ ግን እጥፋቱ እየሰፋ መጣ። አራት ጣት የነበረው ስምንት ጣት ሞላ። አየሩ ስስ ነውና የልጆቹ ደረት እንደ ከበሮ ተነፋ፤ የሚሸከሙት ክብደት የለምና አጥንታቸው ቀጠነ፣ ቁመታቸው ተመዘዘ። ፊት ፊት እያደጉ ነበር የሚረዝሙት፤ ኋላ ኋላ ግን ረጅም ሆነው መወለድ ጀመሩ። የአራስ ልብስ እንኳ አልበቃ አለ። የሰው ልጅ አዲስ ፍጥረት እየሆነ መሆኑን ከሐኪም ቀድመው ያወቁት እቴቴ ናቸው። ግን ልብስ ሰፊን ማን ይጠይቃል? እሳቸውም ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም።

ከልጃቸው ሞት በኋላ ብቻቸውን ያሳደጓት የልጅ ልጅ አለቻቸው። ሰፈሩ በአንገቷ "ቀጭኔ" ይላታል። ቀጭኔ ዓይቶ የሚያውቅ አንድም ሰው እዚህ የለም፤ ስድቡ ግን ከአሮጌው ዓለም ተርፎ መጥቷል። ስድብ መቼ ይረሳል! ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ የተመኘችው አንድ ሥራ ነው፦ የውኃ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ መጠገን። ጠባብ ነው፤ ቀጭንና ረጅም ክንድ ይፈልጋል። ለአሥራ አምስት ዓመት ሰው ያልተቀጠረበት ቦታ ዘንድሮ ተከፈተና ፈተናውን አንደኛ ወጣች።

ጣጣው እዚህ ላይ መጣ። ጤና ጽሕፈት ቤቱ የሰውን ልክ የሚያውቀው ከቱታው ማኅተም ነው፤ ሰውን ራሱን ገላውን የሚለካው ቧንቧ የሚገባ ከሆነ ብቻ ነው። ልጅቷን ለኩና "ልክ ያልሆነ አካል" የሚል ወረቀት አስይዘው መለሷት። ሁለት ዓመት ማቃኛ ትገባለች። ማቃኛ ማለት ከተረከዝ እስከ ትከሻ ጠፍሮ የሚጫን ብረት ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ ጎረቤታቸው ለዚሁ ሥራ ተለክቶ ገብቶ፣ ሲወጣ ያለ ምርኩዝ መራመድ አልቻለም። ዛሬም አልቻለም።

እቴቴ እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው ሐኪሙ ቢሮ ገቡ። ሐኪሙን ከዳዴው ጀምሮ ያለበሱት እሳቸው ናቸው።

"ምን አድርጋ ነው ልጄን ብረት የምታስገባት?"

"ምንም አላደረገች፣ እቴቴ። ልኳ ነው። ዘጠኝ ሴንቲ ትበልጣለች።"

"ከማን?"

"ከሰንጠረዡ ነዋ።"

"ከሰውስ?"

ሐኪሙ መሳቢያውን ከፍቶ የወረቀት ክምር አወጣ። "ይኸው፣ እርስዎ በየዓመቱ የሚልኩት የልክ ሪፖርት ነው። አርባ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ሺህ ሰው፣ ሁሉም ልክ። ከጎረቤትዎ ወዲህ አንድ እሷ ብቻ ናት የተለየችው። እኔ ምን ላድርግ?"

እቴቴ ክምሩን አገላበጡ። የዚያ ሁሉ ወረቀት ግርጌ የፈረሙት እሳቸው ናቸው! ልጅቷን ብቸኛ ጉድ ያደረጋት የገዛ መርፌያቸው ነው።

ቤት ገብተው አለቀሱ። ልጅቷ እግራቸው ሥር ተቀመጠችና "እማማ ተይው፣ እገባለሁ። ሁለት ዓመት እኮ ነው" አለች።

"አፍሽን ያዢ! የጎረቤታችንን እግር አላየሽም? እኔ ቁሜ? አፈር ስበላ እንጂ!"

ለዓመታዊው የቱታ እደላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። በማግስቱ አብረዋቸው የሚሰፉትን ሁለት ሴቶች ጠሩና "ዘንድሮ እጥፋት የለም። የተሰፋውን ትርፉን ቁረጡለት፤ የቀረውን ሰንጠረዡ ባለው ስፉ፤ አንዲት ክር እንዳትጨምሩ" አሏቸው።

"ኧረ እቴቴ፣ ሰዉ ይገድለናል!"

"ይግደለን። መጀመሪያ ግን ይልበስ።"

ተቆጣጣሪው መጣ፣ ለካ፣ ማኅተሙን መታ። እንደ ዘንድሮ ያለ ንጹሕ ሥራ ዓይቼ አላውቅም ብሎ ሄደ።

የእደላው ቀን አሮጌው ልብስ ለጨርቅ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ አዲሱን ለበሰ። አይ ጉድ! እጅጌው ክርን ላይ ቀረ። ሱሪው ከቁርጭምጭሚት ሽቅብ ሸሸ። ዚፕ የተዘጋለት ደረት የለም። የሞተር ክፍሉ አለቃ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል መቀመጫው ላይ ጧ! አለ። "እቴቴ ጃጁ!" የሚል ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው። ሰዉ ግማሹ እየሳቀ ግማሹ እየተሳደበ ስፌት ቤቱን ከበበ። ሐኪሙም እምብርቱን በወረቀት ሸፍኖ መጣ።

እቴቴ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወጡ።

"አልጃጀሁም! የለበሳችሁት ልክ ነው፤ ማኅተም አለበት። አርባ ሁለት ዓመት የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሁላችሁንም እያጠፍኩ እዚህ አደረስኳችሁ። ዛሬ ግን የኔን ልጅ ለብቻዋ ልክ አይደለሽም አሏት። ማነው ልክ? እስቲ እጁን ያውጣ!"

እጅ ያወጣ የለም። ቢያወጣም ይቀደድበታል።

"ዶክተር፣ ና ክንድህን ስጠኝ።"

"እቴቴ፣ ሰው ፊት…"

"ስጠኝ አልኩህ!"

ሜትሩን ዘረጉ። "አሥራ አራት ሴንቲ!"

"ቀስ ይበሉ እንጂ" አለ ሐኪሙ፣ ፊቱ ቀልቶ።

"ለምን ቀስ እላለሁ? አንተ ለልጄ ቀስ ብለህላታል?" ለሐኪሙ ልክ ልኩን ነገሩት፤ በሴንቲ ሜትር። ከዚያ "ቀጥሎ!" አሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ ለኩ። ሐኪሙ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሞ መዘገበ፤ ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ሲያበቃ ጉሮሮውን ጠረገና "ደንብ ግን ደንብ ነው። ከልክ በላይ የሆነ ሁሉ ማቃኛ መግባት አለበት፤ ብዙ የሚበልጠው ይቀድማል" አለ።

"እሰይ!" አሉ እቴቴ። "ደንብ ይፍረስ ማን አለ? ተራ ያዙ!"

በሰፈሩ ያለው ማቃኛ ሁለት ነው። በዝርዝሩ አንደኛ የሞተር ክፍሉ አለቃ ነው፤ አሥራ አምስት ሴንቲ። ሁለተኛ ሐኪሙ ራሱ። በማግስቱ ጠዋት የሞተሩ አለቃ ጤና ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሻንጣውን ይዞ ቆመና "ዶክተር፣ መጥቻለሁ፣ እንግባ። ሞተሩን የሚያይ ሰው ግን አላገኘሁም፤ አየሩን ትንሽ በቁጠባ ሳቡት" አለ። ሐኪሙ ብረቱን አየው፤ ጠፍሩን በእጁ ዳሰሰው። ሰውየውን ወደ ሥራህ ተመለስ አለው።

እቴቴ በሐሰት ሪፖርት ከሥራ ተሰናበቱ። ደብዳቤውን አንብበው "ይኼስ ልክ ነው" አሉና ፈረሙ። አላዘኑም ማለት አይቻልም፤ የወገባቸውን ማሰሪያ ከወንበሩ ፈትተው ኪሳቸው ከተቱት። ሰንጠረዡም እስካሁን ከግድግዳው አልወረደም።

ልጅቷ ከዝርዝሩ አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ አንደኛ ናት። ሁለት ሰው በሁለት ዓመት ከሆነ፣ ተራዋ የሚደርሰው ከአንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ዓመት በኋላ ነው። ሐኪሙ የሥራ ወረቀቷን ሲሞላ "የአካል ሁኔታ" በሚለው ቦታ ላይ ብዙ አሰበ። ከዚያ "ተራ በመጠበቅ ላይ" ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። እሷም በዚያው ቀን ቧንቧ ገባች።