የልጄ ግራ ጉልበት

ልጄ ስትሮጥ ሌላው ሰው ፊቷን ወይም ሰዓቱን ያያል። የእኔ ዓይን ከግራ ጉልበቷ አይነሳም። አምና ልምምድ ላይ ጉልበቷ ዞሮባት ወድቃ ወራት ሙሉ ቤት ተኝታለች። ስትድን ወደ ሩጫዬ ልመለስ አለች፤ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ሆስፒታል የምትረዳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አንድ ቀን እኔንም አስገባችኝና በስልኳ የቀረጸችውን ቪዲዮ አሳየችኝ። ልጄ ከአንድ ዝቅ ያለ ሳጥን ላይ ዘላ ታርፋለች፤ ጉልበቷ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ይታጠፋል። ከዚያ ባለሙያዋ ደረጃ ስታስወጣት ስታስወርዳት ቆይታ ደግማ አዘልላ ቀርጻታለች። ሳጥኑም ልጅቱም ያው ናቸው። አሁን ግን ስታርፍ ግራ ጉልበቷ ወደ ውስጥ፣ ወደ ቀኙ ይገባል።

“እናቴ፣ ጉልበቱስ ድኗል” አለችኝ ባለሙያዋ። “ችግሩ ሲደክማት ነው። የዳሌዋና የጭኗ ጡንቻ ሲዝል ጉልበቱን አቅንቶ የሚይዝላት ታጣለች። እሷ ደግሞ አይታወቃትም። ሲደክማት ማረፍ አለባት።”

ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ይህ ግን ገባኝ። ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውኃ ይዛ ደረጃ ስትወጣ፣ ከታክሲ ስትወርድ ሁሉ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ “ምነው እማ፣ እግሬን ልትለኪው ነው?” እያለች ትቀልድብኛለች።

የምትሮጥበት ክለብ ማጣሪያ ከፋሲካ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው ኮሶዬ ላይ እንደሚሆን ለሯጮቹ ተነገራቸው። አሰልጣኙ እስከዚያ እግራችሁን አሳርፉ ብሏቸው ነበር። በመካከሉ ግን ስቅለት አለ። በስቅለት ከጠዋት እስከ ማታ እንሰግዳለን፤ ግንባር መሬት እስኪነካ ወድቆ መነሳት ነው። መውደቁ ቀላል ነው። የሚነሱት በጭንና በጉልበት ነው። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል፤ ጎረቤቶቼ ዘንድሮም ፋሲካን በምርኩዝ ልንቀበለው ነው እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

ሐሙስ ዕለት ነጠላዋን ስታጥብ አየሁና ዝም ማለት አልቻልኩም። ዘንድሮ ቆመሽ ብትጸልዪስ፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ መምሬንም እጠይቅልሻለሁ አልኳት። አልታመምኩም አለች። እንግዲያው ግማሹን ስገጂ አልኳት። ነጠላውን መጭመቋን ትታ አየችኝ።

“ያኔ ተኝቼ ሳለሁ፣ በእግሬ ከሄድኩ እሰግድልሃለሁ ብዬዋለሁ፣ እማ። ግማሹን አላልኩትም።”

ገና በሕፃንነቷ ከጎኔ አቁሜ እንዴት እንደሚሰገድ ያሳየኋት እኔ ነኝ።

ዓርብ አብሬያት ቆምኩ። ሕዝቡ ኪርያላይሶን እያለ ይወድቃል፣ ይነሳል። እኔም እወድቃለሁ፤ ግን ፈጠን ብዬ እየተነሳሁ እሷን አያለሁ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ደህና ነበረች። ከዚያ በኋላ አንድ እጇን መሬት ላይ እየተደገፈች መነሳት ጀመረች። ቆይቶ ግራ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ሲገባ አየሁት፤ ልክ እንደ ቪዲዮው። ክርኗን ልይዛት ስል በእጇ ገፋ አደረገችኝ። በስቅለት የምለምነው ስለ ኃጢአቴ ነበር። የዚያን ዕለት ግን ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። ይህን ጉልበት ጠብቅልኝ፣ ከዚህ ሌላ አልለምንህም እያልኩ ዋልኩ። ማታ መምሬ በወይራ ቅጠል ትከሻዋን መታ መታ አድርገው እንደማንኛውም ሰው ተጨማሪ ስግደት አዘዙላት። እሱንም ሰገደች።

ቅዳሜና እሑድ ደረጃችንን እንደ አሮጊት በጎኗ ነበር የምትወርደው። ሰኞ ቀለለኝ አለች። ማክሰኞ ሮጥ ሮጥ ብላ መጥታ ድኛለሁ አለችኝ። እሷ አይታወቃትም የሚለው የባለሙያዋ ቃል በጆሮዬ ነበር። ምሳዋን አቀረብኩላት።

ረቡዕ በሚኒባስ ኮሶዬ ወጣሁ። ዳገቱን ወጥተው በዚያው የሚመለሱበት ሩጫ ነው። እኔ ከታች፣ ከመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ፊት ለፊት ካለው መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። ሲወጡ ከፊተኞቹ ጋር ነበረች፣ አሯሯጧም ሸጋ ነበር። ቁልቁለቱን ሲመለሱ ግን ከሩቅ አወቅሁት። እግሯ መሬት በነካ ቁጥር ግራ ጉልበቷ ወደ ቀኙ ይገባል። አጠገቤ የቆመ የአንዷ ሯጭ አባት ልጁን በርቺ፣ በርቺ ይላታል። እኔ ግን በርቺ እንዳልላት ጉልበቷን እያየሁ ነው። ተዪው እንዳልላት ደግሞ ይህን ቀን ስትጠብቅ መክረሟን አውቃለሁ።

መታጠፊያው ጋ ሳትደርስ ዘገየች። ሌሎቹ እየቀደሟት አለፉ። ከዚያ በእርምጃ ወደ እኔ መጥታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷን በሁለት እጄ ያዝኩት። አላበጠም፣ አልዞረም። በሆዴ ተመስገን አልኩ። እሷ የሚያልፉትን እያየች ታለቅሳለች።

“አላመመኝም እኮ” አለች። “እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ብቀጥል እንደ አምናው እንደምወድቅ ታወቀኝ።”

ጋቢዬን አለበስኳት። እንባዋን በጋቢው ጫፍ ጠረገች።

“እማ፣ ዓርብ ዕለት ምን ብለሽ ነው የጸለይሽልኝ?”

ጉልበቷን እንጂ ሩጫዋን እንዳልለመንኩ ሳልነግራት፣ ብርዱ እግርሽን ይይዘዋል፣ ተነሺ አልኳት። ሚኒባሱ ሲመጣ እንድትወጣ ክርኗን ያዝኩ። አሁን አልገፋችኝም። ጎንደር እስክንገባ መልሴን ትጠብቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።