የአባባ ጠያቂዎች

በልጅነቴ ነገሌ ላይ ወባ የሚያሳፍር በሽታ አልነበረም። ዳኛውንም፣ ወታደሩንም፣ ነጋዴውንም ይይዛል። ወባ የያዘው ሰው ቤት ጠያቂ አይጠፋም፤ አጥሚት ይመጣል፣ «እግዜር ይማርህ» ይባላል፣ ከዚያ የሰፈሩ ወሬ እዚያው ይሰለቃል። ጭንቅላቱን የታመመ ሰው ቤት ግን ማንም ድርሽ አይልም።

ስለዚህ አስተማሪው አባባ እንቅልፍ አጥቶ፣ እኛ ከማናያቸው ሰዎች ጋር ማውራት ሲጀምር፣ እማዬ ለጎረቤት «ወባ ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶበት ነው» አለች። ውሸቷን ነበር። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን እዋሽ ነበር። አባባ ያለ ሰው መኖር የማይችል ሰው ነው፤ ጠያቂ ካጣ ያልቅለታል ብላ ፈራች።

ጠያቂውም መጣ። ከሁሉም አብልጣ የምትመጣው ጎረቤታችን ባለሱቋ ነበረች። ከእማዬ ጋር ለማያውቃቸው እህትማማች ይመስላሉ።

እየባሰበት ሲሄድ ግን እማዬ በጭነት መኪና አሳፍራ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ቤት ወሰደችው። ክረምቱን እዚያ ተኝቶ፣ ተሽሎት ተመለሰ። ሹፌሩ ለካ የት እንዳወረዳቸው ለከተማው ሁሉ አውርቶ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን የረገጠ የለም። ባለሱቋ ልጆቿን በእኛ በር እንዳያልፉ ከለከለች። ስኳር ልገዛ ስሄድ እንኳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣልኝ እጇን ትሰበስባለች፤ የሚጋባባት መስሏት! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባባ ጠዋት ጠዋት ወንበር አውጥቶ ደጃፍ ላይ ይቀመጥ ጀመር። ለአላፊ አግዳሚው ሰላምታ ይሰጣል፤ እነሱ ደግሞ አንገታቸውን ደፍተው ይፈጥናሉ። ከሊበን ገጠር ወተት ይዛ የምትመጣው ሴትዮ ብቻ እንደ ድሮዋ «አካም? ናጋ?» ብላ በኦሮምኛ ሰላም ብላው፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ቆማ ታጫውተው ነበር። እማዬ በመስኮት እያየቻቸው ታለቅሳለች።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የባለሱቋ ትልቁ ልጅ ለንግድ ከሄደበት ሞያሌ ታሞ መጣ። ወባ ነው አለች። ልጁ ለብቻው ሲያወራ ሰፈሩ ሰምቶት ስለነበር ማንም አላመናት፤ ማንም አልጠየቃት። እኔማ ደግ አደረጋት ባይ ነበርኩ።

አባባ ግን ኮቱን ለበሰ። ወተት በጠርሙስ አስያዘኝና እያጉረመረምኩ ተከተልኩት። ባለሱቋ በሩን ገርበብ አድርጋ ስታየው፣ ግባም ተመለስም ማለት አቃታት። እሱ ገብቶ ከልጁ አልጋ አጠገብ ተቀመጠና፣ ጉንፋን የያዘውን ሰው እንደሚጠይቅ ሁሉ፣

«የሚያናግሩህ ቀንም ነው ወይስ ሲመሽ ብቻ?» አለው።

ልጁ አየት አደረገው። «ቀንም ነው» አለ።

«እኔንም ቀን ነበር የሚያስቸግሩኝ። አዲስ አበባ የሚሰጡት መድኃኒት ያስተኛል፤ ጥሩ ነው።»

ይህን ሁሉ እናቱ ፊት ነው የተናገረው። ከዚያ ስለ ሞያሌ ገበያ ጠየቀው፤ ልጁም ቀስ እያለ መለሰለት።

ስንወጣ ባለሱቋ እስከ ደጅ ሸኘችን። ስለ ወባ አንድም ቃል አላነሳች። የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች፣ አባባን ቀና ብላ ማየት እያቃታት፣ «ነገም ይምጡልን፤ ሌላ የሚጠይቀው የለም» አለችው።

በማግስቱ እማዬም ነጠላዋን ለብሳ አብራው ሄደች።