ማርክ የሌለው ፈተና

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ከክፍላችን አንደኛ እወጣ ነበር፤ ማንበብ ግን አልችልም። ይህን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ታላቅ እህቴ መጽሐፌን አንድ ጊዜ ካነበበችልኝ በቃሌ እይዘዋለሁ። ፈተና ላይ ደግሞ መምህራችን ጥያቄውን ከነምርጫው ጮክ ብለው ስለሚያነቡልን የእኔ ሥራ ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። ሽልማት ስቀበል እናቴ በስልኳ ቀርጻ ለጸሎት ጓደኞቿ ሁሉ አሳየች። ከዚያ ወዲያ አልችልም ብዬ የማን ፊት ልቁም?

በሁለተኛው መንፈቅ አዲስ መምህርት መጡልን።

"አንድ በአንድ አስነብባችኋለሁ" አሉ። "ማርክ የለውም። ማን የቱ ጋ እንደሚቸገር ማወቅ ፈልጌ ነው።"

ሌሎቹ ልጆች ደስ አላቸው፤ እኔ ግን ደስ አላለኝም። ማርክ ያለው ቢሆንማ መላ አላጣም ነበር። እሳቸው የሚፈልጉት ግን እኔ የደበቅኩትን ያንኑ ነገር ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ እየገባ እኔን ያልበኛል።

ሁልጊዜ መጨረሻ የምትወጣው ልጅ ከእኔ በፊት ተጠራች። በጣቷ እየተከተለች፣ እየተንተባተበች፣ አንዲት ቃል ሳትስት ጨረሰች። በሕይወቴ እንደዚያ በሰው ቀንቼ አላውቅም።

ተራዬ ደረሰ። የተከፈተው ገጽ ላይ ያለውን ሥዕል አየሁና ገጹን በቃሌ ሳልደናቀፍ አነበነብኩት። መምህርቷ ቀና ብለው አዩኝ። ገና ያልተማርነውን ገጽ ገለጡና ሥዕሉን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

"እስቲ ይሄንን።"

ክፍሉ ሁሉ ጆሮውን ወደ እኔ ያቆመ መሰለኝ።

"ቲቸር" አልኩ በሹክሹክታ፣ "ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ።"

ቁጣ ይመጣል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው መጽሐፉን ዘጉትና ወረቀት ላይ ፊደሎች በትልልቁ ጻፉ።

"እኔ አልነግርም። የማታውቂያቸውን ብቻ አሳዪኝ።"

አንዷን ካሳየሁ ሁሉም ነገር የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው አልቸኮሉም። በመጨረሻ ጣቴን አሳረፍኩ።

"ይቺን አላውቃትም።"

"እሺ። ሌላስ?"

"ይቺንም። ይቺንም" እያልኩ አለቀስኩ። እሳቸው እያንዳንዷን በእርሳስ ይከባሉ። የተከበቡት ሲበዙ ሳይ ይብስ ፈራሁ።

"በቃ" አሉ ራሴን እየዳበሱ፣ "ነገ ከዚች እንጀምራለን።"

ስንለቀቅ እናቴ ከዊንጌት ሰፈር በታክሲ መጥታ በር ላይ ቆማለች። ከሩቅ እየሳቀች እጇን ዘረጋችልኝ። ወደ ኋላ ሮጬ ክፍል ውስጥ መደበቅ ሁሉ አስቤ ነበር።

"የኔ አንደኛ፣ ዛሬ ስንት አገኘሽ?"

"እማዬ" አልኳት፣ "እኔ ማንበብ አልችልም።"